መታዘዝ ውርደት ነውን? ከማክሰኞ ማታ የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም የተነሣ ሐተታ

በኛ ትውልድ መዝገበ ቃላት ውስጥ «መታዘዝ» የሚለውን ቃል ያህል ስሙ የጠፋ ቃል ጥቂት ነው። በልጅነታችን «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን አደግን። ፊደል ከቆጠርን፣ ታሪክ ካነበብንና ክርክር ከለመድን በኋላ ግን ያ «እሺ» የጌታና የሎሌ ሥርዓት ቅሪት ሆኖ ታየን፤ እንዲያ ሆኖ መታየቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ትእዛዝ ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ማኅተሙን በኪሱ የያዘ ሹም፣ ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ፣ ተሰለፍ ሲሉት የሚሰለፍ ሕዝብ ነው። ከዚህ የተነሣ ነፃ ሰው ማለት ለማንም የማይታዘዝ ሰው ነው የሚለውን አስተሳሰብ፣ ሳንመረምረው፣ ከጓዛችን ጋር ጠቅልለን ይዘን ተሰደድን። አስተሳሰቡ ግን አንድ ችግር አለበት፤ ለማንም የማይታዘዙ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ስብሰባ እንኳ በሰዓቱ ሊጀምሩ አይችሉም። (የተማሪ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ተካፍሎ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ማስረጃ አያስፈልገውም።)

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ቢቀርብ ይሻላል፦ ሰው ነፃነቱን ሳይጥል ሊታዘዝ ይችላልን? ከቻለስ፣ በመታዘዙ ሊደሰት ይችላልን? መልሱን ፍለጋ ከትልልቅ መጻሕፍት ሳይሆን ከአንድ ትንሽ ነገር መነሣትን መርጠናል። ይኸውም እዚህ ሲያትል ከተማ የምንኖር ጥቂት ተማሪዎች ባለፉት ሦስት በጋዎች (በጋ የምንለው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው፤ አገር ቤት ክረምት መሆኑ ነው) ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በሰው የሸራ ጀልባ ላይ ረዳት ሆነን የተካፈልንበት የአማተር እሽቅድምድም ነው።

ሲያትል በምዕራብ በባሕር፣ በምሥራቅ በሰፊ ሐይቅ ተከባ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በመሐሏ ደግሞ ዩኒየን የሚባል አነስተኛ ሐይቅ አለ። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1956 ጋዝ ሲያመርት የኖረ ፋብሪካ የዛጉ ማማዎቹ ሳይፈርሱ ቆመዋል፤ ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ከውሃ ላይ የሚነሡና የሚያርፉ ትናንሽ አውሮፕላኖች፣ በውሃው ላይ የተንሳፈፉ መኖሪያ ቤቶች፣ በዳርቻው የታሠሩ ጀልባዎች ሐይቁን ተሻምተው ይኖሩበታል። በዚህ ሐይቅ ላይ በበጋ ወራት ማክሰኞ ማታ የሚካሄድ «ዳክ ዶጅ» የተባለ እሽቅድምድም አለ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ አገራችን ዘውዱን በጣለችበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ሁለቱን ነገሮች ግን ከአጋጣሚ በቀር የሚያገናኛቸው የለም። ስሙን ያገኘው ዳክዬን መንገድ ማስለወጥ ክልክል ነው ከሚለው ደንቡ ሲሆን፣ ላሸነፈ ጀልባ የሚሰጠው ሽልማት የዳክዬ ሥዕል ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ነው። ለዚህች ወረቀት ሲባል ጎልማሶች ከሥራ ወጥተው፣ እራታቸውን ሳይበሉ፣ ጨለማ እስኪይዝ በነፋስ ሲታገሉ ማየት በመጀመሪያ ያስቃል።

በዚህ ላይ ከጓደኞቻችን የተሰነዘረው የመጀመሪያ ነቀፋ የሚጠበቅ ነበር። የሸራ ጀልባ የከበርቴ መጫወቻ አይደለምን? ስደተኛ ተማሪ እዚያ ምን ይሠራል? ነቀፋው ከፊሉ እውነት ስለሆነ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ያለውን ጀልባ ባለቤቱ ብቻውን ሊያሽቀዳድመው አይችልም፤ አራት ወይም አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ከነዚህም በየሳምንቱ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ተጫምቶ በጀልባ ማቆሚያው የቆመ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ጀልባ አያጣም። እኛ በዚህ አገር ወደ አንድ ቦታ በገባን ቁጥር የምንጠየቀውን እናውቃለን፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የብድር ታሪክ፣ የቀድሞ አድራሻ። በጀልባ ማቆሚያው የተጠየቅነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ዋና ትችላላችሁን? ክብደታችሁስ ስንት ነው?

ሥራውን ላላየው አንባቢ ጥቂት መግለጽ ተገቢ ነው። የሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ ሊሄድ አይችልም። ወደ አርባ አምስት ዲግሪ ያህል ወደ ጎን እያለ፣ አንድ ጊዜ በግራ አንድ ጊዜ በቀኝ እየታጠፈ፣ እንደ ዳገት መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አንዱ ሰው የፊት ሸራውን ገመድ ይለቃል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት የማዶውን ገመድ ይስባል፤ ሦስተኛው በዊንች ያጠብቃል፤ የቀሩት ጎንበስ ብለው ከሸራው ሥር ሾልከው ወደ ሌላው ጠርዝ ይሻገራሉ። ገመዱ ቀድሞ ቢለቀቅ ሸራው ይርገበገብና ጀልባው ጉልበቱን ያጣል፤ ቢዘገይ ሸራው ነፋሱን በጀርባው ተቀብሎ ጀልባውን ቀጥ ያደርገዋል። ዩኒየን ሐይቅ ጠባብ ስለሆነና በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ነፋሱን ስለሚያወላግዱት መታጠፉ ይበዛል። በአንድ ማታ ስንት ጊዜ እንደታጠፍን ለመቁጠር ሞክረን ትተነዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያንጠለጥለው መነሻው ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀረው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሲቀረው። ጀልባ ፍሬን የለውም፤ እንደ ሯጭ በመስመር ላይ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ በአሥር የሚቆጠሩ ጀልባዎች በጠባብ ቦታ ሲዞሩ፣ ሲተላለፉ፣ ሲገፋፉ ቆይተው፣ ልክ ድምፁ ሲሰማ በሙሉ ፍጥነት መስመሩን ለማለፍ ይጣጣራሉ። በዚህ ጊዜ አንዱ ሰው ሴኮንድ ይቆጥራል። ሌላው ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ መስመሩ ስንት ክንድ እንደቀረው በጣቱ ያሳያል። ሌላው ደግሞ ከሸራው ሥር አጎንብሶ ከማዶ የሚመጣ ጀልባ እንዳለ ይመለከታል። መሪውን የያዘው ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ በሙሉ ከነዚህ ሰዎች አፍና ጣት በሚመጣ ወሬ ላይ የቆመ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን።

አዲስ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ነፋስ ሲበረታ ጀልባ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ጀልባ ደግሞ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ስለዚህ ሥራ ያልያዙት ሰዎች ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አንጠልጥለው፣ በክብደታቸው ጀልባውን ያቀናሉ። ነባሮቹ በቀልድ «የጠርዝ ሥጋ» ይሏቸዋል። በመጀመሪያው በጋ እኛ ይህ ነበርን፤ ሥጋ። ከዚህ የበለጠ ውርደት ምን ይኖራል ቢባል መልስ የሚያጣ አይመስልም፤ የፖለቲካ ሳይንስ የሚያጠና፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው በኪሎ ተመዝኖ እንደ ጆንያ ከአንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲዘዋወር! ነገር ግን ውርደት አልተሰማንም፤ የተሰማን ደስታ ነው። ለምን እንደሆነ ብዙ ተወያይተንበታል። ከደረስንበት አንዱ ይህ ነው፦ ስደተኛ በደረሰበት አገር ሁሉ በጋዜጣውም በምክር ቤቱም «ሸክም» ይባላል። የቤት ሸክም፣ የበጀት ሸክም፣ የትምህርት ቤት ሸክም። በጀልባው ጠርዝ ላይ ግን ሸክምነት ራሱ የሚፈለግ ነገር ሆኖ አገኘነው። ያለ እኛ ኪሎ ጀልባው አይቀናም። ሰው ከሐሳቡና ከወረቀቱ በፊት ክብደት ያለው ፍጡር መሆኑን፣ መኖሩ ብቻ ለሌላው ሊጠቅም እንደሚችል፣ በመቀመጫችን ተማርነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ደስታ ለመግለጽ ይከብዳል። ጥቂት ሳምንት አብሮ የሠራ ቡድን አንድ ቀን፣ ሳይታሰብ፣ ትእዛዝ የማያስፈልገው ይሆናል። «ልንታጠፍ ነው» የሚለው ድምፅ ሳይጨረስ ገመዱ ተለቋል፣ ማዶው ተስቧል፣ ሁሉም ተሻግሮ ተቀምጧል። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደታዘዘ ለመለየት ያስቸግራል። አገር ቤት በደቦ አጨዳ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ማጭዶቹ በአንድ ላይ ሲሄዱ የዜማው አውጪ መሪ ይሁን ተከታይ አይታወቅም። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ያለ ሰው «ነፃነቴን ማን ወሰደብኝ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ይልቁንም ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ሲያደርግ ራሱን ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ከኛ ጋር በዕድሜ አባታችን ሊሆኑ የሚችሉ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ በዚህ ከተማ ታክሲ የሚነዱ ሰው አሉ። በአንድ ጀልባ ላይ አራታችን ሐበሾች ስለነበርን አማርኛ እንነጋገር ነበር። የመጀመሪያው ችግር የሰዋስው ሆነ። «ጋሼ፣ እባክዎ ገመዱን ይልቀቁ» እስኪባል ድረስ ሸራው ነፋሱን በጀርባው ይቀበላል። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ራሳቸው ፈረዱ፤ በጀልባው ላይ «ልቀቅ!»፣ «ሳብ!» በሉኝ አሉን። እኛም እንዲያ እያልን እንጮኻለን፤ ወርደን የጀልባ ማቆሚያውን ስንረግጥ ግን ወዲያው «እርስዎ» እንላቸዋለን። አክብሮቱ በጀልባው ላይ ጠፍቶ በምድር የተመለሰ አይመስለንም። በውሃው ላይ አክብሮት ማለት ገመዱን በሰዓቱ መልቀቅ፣ የሌላውንም እጅ በዊንቹ ላለመጨፍለቅ መጠንቀቅ ነበር። አንቱታን እንደ ልብስ ለጥቂት ሰዓት አውልቆ መልሶ መልበስ የሚችል ሰው የተናቀ ሰው አይደለም።

እንግዲህ ይህ መታዘዝ ከዚያ ከምናውቀው መታዘዝ በምን ይለያል? የመጀመሪያው ልዩነት አዛዡ ራሱ ታዛዥ መሆኑ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ለነፋሱ ይታዘዛል፤ ነፋሱ ደግሞ ለማንም አያዳላም፣ በአዋጅም አይሻርም። አዛዡ ቢሳሳት ስሕተቱ በሴኮንዶች ውስጥ ይታያል፤ ጀልባው ይቆማል። ስሕተቱንም በሌላው ማላከክ አይችልም፣ ሁሉም አይቶታልና። በዚህ ላይ እርሱ የማያየውን እኛ እናያለን። ፖለቲካ ሳይንቲስቱ ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የኢትዮጵያ ነው ብሎ ያስቀመጠው አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር አለ፤ ትልቁ ጌታ ሲያልፍ ብልኁ ገበሬ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፣ መልሱን ግን በአፉ ሳይሆን በሌላ በኩል፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ይለቃል። ስኮት በዚህ የሚያሳየው የተጨቆነ ሰው መታዘዝ ላይ ላዩን ብቻ እንደሆነ ነው። በጀልባ ላይ እንዲህ ያለ መታዘዝ ዋጋ የለውም። ያየውን የማይናገር ረዳት ጀልባውን ከሌላ ጀልባ ጋር ያጋጨዋል። አማርኛችን «ታዘዘ» እና «ታዘበ» የሚሉትን ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ ለያይቷቸዋል፤ ጥሩ ረዳት ሁለቱንም ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ከደንቡ ይመነጫል፤ እኛን ከሁሉ ያስገረመን ይህ ነው። በተለመደው የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም በውሃው ላይ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም። ደንቡ ግን አለ። ነፋሱን በግራ ጎኑ የተቀበለ ጀልባ በቀኝ ጎኑ ለተቀበለው መንገድ ይለቃል። በአንድ ወገን ነፋስ ጎን ለጎን ሲሄዱ ነፋሱ ቀድሞ የሚያገኘው ጀልባ ለሌላው ይለቃል። ይህን የጣሰ ጀልባ ቅጣቱን የሚቀበለው ከራሱ ነው፤ ከሌሎቹ ፈቀቅ ብሎ፣ በሁሉም ፊት፣ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ይዞራል። ተቀዳሚው ሁሉ እያለፈው ይዞራል። ካልዞረና የተበደለው ጀልባ አቤቱታ ካሰማ፣ ነገሩ ከውድድሩ በኋላ ተሰምቶ ይፈረዳል፤ ተከሳሹ የጀልባው ባለቤት ይሁን ባለጸጋ፣ የከተማው ታዋቂ ሰው ይሁን አዲስ መጪ፣ ደንቡ ልዩነት አያደርግም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሚል ብሂል ያደግን ሰዎች ነንና አንድ ባለ ብዙ ገንዘብ ሰው ማንም ሳያስገድደው፣ ትንሿ ጀልባ ስለጮኸችበት ብቻ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ማየት ለኛ ከፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ኮርስ የማይተናነስ ትምህርት ነበር። ታዛዥ የሆነው ረዳት ያን ጊዜ የሚታዘዘው ለሰው እንዳልሆነ ይገባዋል።

ይኸው የደንብ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት የማንኛውም ተወዳዳሪ ግዴታ መሆኑን ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ፣ የጀልባ ውድድሩ በሚካሄድበት በፑሳን የባሕር ዳርቻ፣ ሎውረንስ ሌሚዩ የተባለው ካናዳዊ በሁለተኛነት ሲገሠግሥ ሳለ በሌላ ውድድር ላይ የነበሩ ሁለት ሲንጋፖራውያን ጀልባቸው ተገልብጦ በማዕበሉ ውስጥ ሲቸገሩ አየ። መንገዱን ትቶ አዳናቸው፤ ሌላ ጀልባ እስኪረከባቸውም ጠበቀ። ውድድሩን ሲጨርስ ሜዳሊያው ርቆት ነበር። ዳኞቹ ለዚያ ዙር የሁለተኛነቱን ደረጃ መለሱለት፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴውም በፒየር ደ ኩበርቲን ስም በተሰየመ ሜዳሊያ አከበረው። ይህን የጠቀስነው ስለ ጀግንነት ለማውራት አይደለም። ሰውየው ያደረገው በደንቡ የታዘዘውን ነው፤ ያም ሆኖ ድርጊቱን የባርያ ድርጊት ብሎ የሚጠራ አይገኝም።

ጀልባንና አገርን ማመሳሰል የቆየ ልማድ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለመንግሥት የሚጠቀሙባቸው ቃላት፣ እንደ እንግሊዝኛው «ገቨርንመንት»፣ መርከብ መምራት ከሚል የግሪክ ግሥ የተወለዱ ናቸው። በኛ «መንግሥት» የመጣው ከመንገሥ ነው። «መሪ» የሚለው ቃላችን ግን የሚገርም ነው፤ ሕዝብን የሚመራውንም ሰው፣ ሾፌር በእጁ የሚያዞረውንም ዕቃ በአንድ ስም ይጠራል። ፕላቶ (አባቶቻችን አፍላጦን የሚሉት) «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው በስድስተኛው መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ጀልባ ይሥላል። ባለቤቱ ግዙፍና ብርቱ፣ ግን ጆሮው የደነቆረ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ የባሕር ዕውቀቱም ያነሰ ነው። ባሕርተኞቹ መሪውን ለመያዝ እርስ በርሳቸው ይገዳደላሉ። ከዋክብትንና ነፋሳትን የሚያውቀው እውነተኛ መሪ ግን ከንቱ ኮከብ ቆጣሪ ተብሎ ይናቃል። ፕላቶ ከዚህ የሚያወጣው መደምደሚያ ዕውቀት ያለው ይምራ የሚል ነው። እኛ ግን በጠርዙ ላይ ሆነን እንደታዘብነው ፕላቶ ባሕርተኞቹን አሳንሷቸዋል። ከዋክብትን የሚያውቅ ሰው ከሸራው ሥር የሚመጣውን ጀልባ አያይም። ዕውቀት በመሪው ዘንግ ዙሪያ ብቻ አልተከማቸም፤ በገመድ ላይም፣ በአፍንጫውም ላይ አለ።

ለዚህ ጉዳይ አሪስቶትል ይቀርበናል። «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ በሦስተኛው ክፍል ዜጎችን ከባሕርተኞች ጋር ያነጻጽራል፤ አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ይመራል፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ይመለከታል፤ የሁሉም ዓላማ ግን የጉዞው ደኅንነት ነው። እዚያው ላይ፣ ሳይታዘዝ የኖረ ሰው በሚገባ ሊያዝ አይችልም የሚለውን ሐሳብ ያጸድቃል። ይህ ለዛሬ ጨዋነት መምከሪያ እንዳይመስል። የተባለው «ታዘዙ» ሳይሆን፣ ተራ ይኑር ነው።

ንጽጽሩ ግን ድንበር አለው፤ ድንበሩን ሳያሳዩ ማለፍ ደግሞ ለአምባገነን ስንቅ ማቀበል ይሆናል። በመታጠፊያው ላይ፣ በዚያች አምስት ሴኮንድ ውስጥ፣ ክርክር አይፈቀድም፤ ልክም ነው። ሹማምንት ይህን በሚገባ ያውቃሉና ሕዝብ ዝም እንዲል በፈለጉ ጊዜ አገሪቱ ማዕበል ውስጥ ናት ይላሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2018፣ በ2020፣ በ2021 እና በ2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ አንዳንዱ ለመላ አገሪቱ፣ አንዳንዱ ለአንድ ክልል። አንዱም ምክንያት አልነበረውም አንልም። የምንለው፣ መታጠፊያው ሲያልቅ ማን ነው «አልቋል» የሚለው? ነው። በኛ ጀልባ ይህን የሚለው አዛዡ አልነበረም፤ ጀልባው ራሱ ነው፤ ሲቀና ሁሉም ያየዋል፣ ንግግሩም ይጀመራል። ከዚያም በኋላ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ጀልባው ከታሠረ በኋላ፣ ምን ተበላሸ፣ ማን ዘገየ፣ ለምን በግራ በኩል ሄድን የሚለው ክርክር ይከፈታል። ከውድድሩ ይልቅ እርሱ የሚረዝምበት ማታ ብዙ ነው። የማክሰኞን መታዘዝ የሚሸከመው ይህ ክርክር ነው፤ እርሱ ባይኖር በሦስተኛው ሳምንት ማናችንም አንመለስም ነበር።

አለመመለስም መብት መሆኑ ሌላው ነገር ነው። አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው መጽሐፍ አንድ ድርጅት ወይም አገር ሲበላሽበት ሰው ያለው ምርጫ መውጣት ወይም ድምፁን ማሰማት ነው ይላል። ሂርሽማን ስለ መውጣት የጻፈው ከመጽሐፍ ተምሮ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ጀርመንን ጥሎ የወጣ፣ በ1940 ደግሞ በማርሴይ ሆኖ ሌሎች ስደተኞች እንዲያመልጡ የረዳ ሰው ነው። ከማክሰኞ ጀልባ መውጣት ዋጋው ቀላል ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጀልባ መፈለግ ወይም ቤት መቅረት። ከአገር መውጣት ምን እንደሚያስከፍል ለዚህ መጽሔት አንባቢ አንነግርም። ስለዚህ «በጀልባ የሚሠራው በአገርም ይሠራል» የሚል ሰው ቢመጣ አንስማማም። ከጀልባ እንደልቡ መውረድ የሚችል ሰው ያለ ክርክር ለአምስት ሴኮንድ ቢታዘዝ አይጎዳም፤ መውረጃ የሌለው ሰው ግን ለዚያው አምስት ሴኮንድ እንኳ አስቀድሞ ዋስትና ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ተውነው ነቀፋ እንመለስ። ከመካከላችን ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ጓደኛችን ነገሩን በደቦ መዝኖ ያፈርሰዋል። በደቦ፣ ይላል፣ ዛሬ በማሳዬ የማዝህ እኔ ነኝ፤ ነገ በማሳህ የምታዘኝ አንተ ነህ። መታዘዙ ዞሮ ይመጣል። የጀልባው ባለቤት ግን ምንጊዜም ባለቤት ነው፤ እኛም ምንጊዜም በሰው ዕቃ ላይ ነን። በየሳምንቱ ስለ ግራና ቀኝ እንከራከራለን እንጂ ጀልባው ይሸጥ ወይስ አይሸጥ፣ ማን ይሳፈር የሚለው ላይ ቃል የለንም። እኩልነታችን የሚጀምረው ከገመዱ ነው፣ የሚያበቃውም ከገመዱ ነው። ለዚህ የተሟላ መልስ የለንም። ባለቤቱ ለጥገናው፣ ለማቆሚያው ኪራይና ለሸራው የሚከፍለው ብዙ ነው ብንለው፣ ባለርስትም እንዲሁ ይል ነበር ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱን ነው።

ጋሼ ግን ከዚህ ክርክር ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ነግረውናል። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበሩ። ረዳት ያጥባል፣ ጎማ ያወርዳል፣ ዳገት ላይ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ኋላ ይሮጣል፣ ሌሊት ከጭነቱ ላይ ይተኛል። ሾፌሩ ሁሉ ጌታ ነበር፤ እርሳቸው እንደሚሉት ግን ሾፌሮቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ዓይነት ረዳቱ «ጎማው ይሸታል» ሲለው ይቆማል። ሌላው ዓይነት ይሳደብና ይቀጥላል። መኪናው የሁለቱም አልነበረም። ከሁለተኛው ዓይነት ሾፌር ጋር ዳግመኛ ላለመሄድ ጋሼ ደሴ ላይ ወርደው፣ ሥራ ሳይኖራቸው አንድ ወር መቆየታቸውን ያስታውሳሉ።

ባለፈው ዓመት በመጨረሻው ማክሰኞ የጀልባው ባለቤት የመሪውን ዘንግ ለጋሼ ሰጥቶ ራሱ ከኛ ጋር ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ነፋሱ ደካማ ነበር፤ ፀሐይ ከፋብሪካው ማማዎች ኋላ ዝቅ ብላለች። ጋሼ ከመነሻው እስከ መድረሻው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ከሥር ምን ይታያል?» ባለቤቱ አማርኛ ስለማያውቅ ተረጎምንለት። እርሱም ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ሁለት ጀልባዎች እንደሚመጡ፣ አንደኛው መንገድ ሊለቅልን እንደሚገባ፣ ሌላኛው ግን ዳክዬዎቹን ሸሽቶ ወደኛ እንደታጠፈ ነገራቸው።